ለእህቴ «ሥልጠና አለብኝ» ብያታለሁ

ውድ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ነሐሴ 3 ቀን 40 ዓመት ይሞላኛል። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ሦስት ዓመት አልፎናል፤ ልጅ አልወለድንም።

አሜሪካ ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለራሴ ብዬ የትም ሄጄ አላውቅም። ዕረፍት በወጣሁ ቁጥር ወይ አገር ቤት ነው፣ ወይ የሰው ሠርግ ነው፣ ወይ ልቅሶ ነው። የታላቅ እህቴን ልጆች ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። አይቆጨኝም፤ እዚህ ያመጣችኝም እሷው ናት። ዘንድሮ ግን አራት ቀን ለብቻዬ ላስ ቬጋስ መሄድ አማረኝ። መብራቱን ማየት፣ ትርዒት መግባት፣ እስከ ረፋድ መተኛት፣ «ነይ» «ሂጂ» የሚለኝ ሳይኖር መዋል። ምኞቴ ይሄው ነው።

ለእህቴ ጫፉን ሳነሳባት «ሴት ልጅ ብቻዋን ቬጋስ? ያውም በፍልሰታ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ደነገጥኩና «ኧረ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ሊልከኝ ነው» አልኳት። አመነችኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቬጋስ የአጎቴ ልጅ ታክሲ ይነዳል። መምጣቴን ከሰማ «ቤት እያለ ሆቴል?» ብሎ ይቀየመኛል፤ እህቴ ጆሮ ለመድረስም አንድ ቀን አይፈጅበትም። ሳልነግረው ልሂድ ብል ደግሞ እዚያ ከተማ ሾፌሩ ሁሉ ሐበሻ ነው ይባላል።

ጓደኞቼም አልረዱኝም። አንዷ «ሂጂ፣ ምን ትሆኛለሽ» ትለኛለች፤ ሌላዋ መጠጧ ላይ ነገር ስለጨመሩባት ሴት እያወራች ታስፈራራኛለች። ሆቴል ይዣለሁ፣ መሰረዝ ይቻላል። የአውሮፕላን ትኬቱን ግን ሌሊት ሥራ ላይ ስልኬን ከፍቼ አየዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ገና ሰሞን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እዚህ አቅራቢያችን ያለ ካዚኖ ገብተን ማሽን ላይ 400 ዶላር ሄደብኝ። በማግሥቱ ጠዋት ከሥራ ስወጣ ብቻዬን ተመልሼ ላስመልሰው ብሞክር ሌላ 260 ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ይሄ ከጉዞው ጋር አይገናኝም፤ ለማንም ስላልተናገርኩት ነው የጻፍኩልዎ።

አርባ ሊሞላት የቀረባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ


እህቴ፣

ቀኑ ገና ቢሆንም እንኳን አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብቻ መስሎኝ ነበር። ስመለስበት ግን «ከጉዞው ጋር አይገናኝም» ብለሽ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት አንቀጽ አላሳልፍ አለችኝ። እደርስባታለሁ። ለማንም ያልተነፈስሽውን ለእኔ ስለነገርሽኝ ግን ከወዲሁ አመሰግንሻለሁ።

አስቀድመን ያስፈራሩሽን ከተማ እንያት። ሴት ልጅ ብቻዋን ልትሄድባቸው ከምትችል ከተሞች ላስ ቬጋስ ከከባዶቹ ወገን አይደለችም። ስትሪፕ የሚሉት ዋናው ጎዳና ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ነው፣ ሰው ነው፤ ሆቴሎቹ ውስጥ ካሜራና ጥበቃ የሌለበት ጥግ ማግኘት ያስቸግራል። ብቻሽን ተቀምጠሽ ራት ብትበዪ ዞር ብሎ የሚያይሽ የለም። አዲስ አበባ ሴት ብቻዋን ምግብ ቤት ስትገባ አስተናጋጁ «ሰው ይመጣል?» እያለ ሁለተኛውን ወንበር በዓይኑ ይለካል አይደል? እዚያ እንደዚያ የሚልሽ የለም። ትርዒት ላይማ ብቻሽን መሆንሽ ይጠቅምሻል፤ ጥንዶች ያልፈለጓት አንዲት ወንበር ጥሩ ቦታ ላይ ተርፋ ታገኚያታለሽ።

የመጠጡ ነገር ግን ተረት አይደለም፤ በዚህ ጓደኛሽ አልተሳሳተችም። ከማታውቂው ሰው እጅ መጠጥ አትቀበዪ። የራስሽንም ሲቀዳ በዓይንሽ እዪው፤ ትተሽው መጸዳጃ ቤት ከሄድሽ ተመልሰሽ አትንኪው፣ ሌላ እዘዢ። የምሽት ክለቦቹ ደጃፍ ላይ ሴቶችን «በነፃ ግቡ» እያሉ የሚጠሩ ወጣቶች ታገኚያለሽ። ሥራቸው ነው፤ ውስጥ ያሉት ገንዘብ ከፋይ ወንዶች ሴት እንዲያዩ ነው የሚፈለገው። መግባት ከፈለግሽ ግቢ፣ ግን ለምን በነፃ እንደሆነ አውቀሽ።

ሌላ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ። ሌሊት ካዚኖ ባር ላይ ብቻዋን የተቀመጠችን ሴት አንዳንዱ ወንድ ጠጋ ብሎ «ሥራ ላይ ነሽ?» ሊላት ይችላል። ኔቫዳ ውስጥ በአንዳንድ የገጠር አውራጃዎች ሴተኛ አዳሪነት በሕግ ስለተፈቀደ ቬጋስም የተፈቀደ የሚመስለው ጎብኚ ብዙ ነው። ከተማዋ ባለችበት ክላርክ ካውንቲ ግን ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢገጥምሽ ኀፍረቱ የእሱ ነው። ክፍልሽ ገብተሽ ቀሚሴ አጥሮ ነው እንዴ እያልሽ መስተዋት ፊት እንዳትቆሚ። «አይ» ብለሽ ፊትሽን አዙሪበት፤ ካልተወሽ ባርማኑን ጥሪው፣ ለምዶታል።

መንገድ ላይ ላባ ለብሰው የቆሙት ሴቶችና የካርቱን ልብስ ያጠለቁት ሰዎች ካቀፉሽና ፎቶ ከተነሳሽ ገንዘብ ይጠይቁሻል፤ ካልፈለግሽ ሳትቆሚ እለፊ። «ነፃ የትርዒት ትኬት» የሚሉሽ ደግሞ የዕረፍት ቤት ድርሻ ሊሸጡልሽ ሰዓታት አስቀምጠው የሚያደርቁሽ ናቸው። አራት ቀን ነው ያለሽ፤ ግማሽ ቀንሽን እንዳትሰጫቸው። በስትሪፑ ሰሜን ጫፍና በአሮጌው መሀል ከተማ፣ በፍሪሞንት ጎዳና መካከል ያለውን መንገድ ማታ በእግር አትሂጂው፤ ዱስ የሚሉት ባለፎቅ አውቶቡስ ሁለቱን እያገናኘ ሌሊትም ቀንም ይሠራል።

ሆቴል ስትገቢ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ የክፍል ቁጥርሽን ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌላ ክፍል ጠይቂ፤ አያስቀይምም። ማታ በር የሚያንኳኳ ሰው «ከሆቴሉ ነኝ» ቢልሽ ሳትከፍቺ ወደ መቀበያው ደውለሽ አረጋግጪ። ኡበር ስትጠሪ ስምሽን አስቀድመሽ አትንገሪው፤ «ማንን ነው የምትወስደው?» ብለሽ ጠይቂው፣ ታርጋውንም እዪ። ሾፌሩ ሐበሻ ከሆነ ደግሞ (የመሆኑ ዕድል ብዙ ነው) ወሬው ይጥማል። ስለ ሰፈር፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ አገር ቤት ስታወሩ ትደርሳላችሁ። «ብቻሽን ነው የመጣሽው? ስንተኛ ፎቅ ነሽ?» ላይ ሲደርስ ግን «እህቴ እየጠበቀችኝ ነው» በዪ። አብዛኛው ጠያቂ ክፉ አስቦ አይደለም፤ የአገር ልጅ ሲያገኝ መጠየቅ የለመደብን ነገር ነው። ቢሆንም ይቺን ውሸት እግዜርም ይቅር ይላታል።

ስለ ጫማ ደግሞ ከራሴ ልንገርሽ። የዛሬ ስንት ዓመት እዚያ ሄጄ ከመስኮቴ ማዶ ያለውን ሆቴል አይቼ «እዚህ ጋ አይደል እንዴ» ብዬ በተረከዝ ጫማ ወጣሁ። ሕንፃዎቹ በጣም ግዙፍ ስለሆኑ ሩቁ ቅርብ ይመስላል። ደረጃ ወጥቼ፣ ድልድይ ተሻግሬ፣ ደረጃ ወርጄ፣ አርባ ደቂቃ ሄድኩ። ስመለስ ሊፍቱን ፍለጋ ካዚኖው ውስጥ መንገድ ጠፋብኝ። ያችኑ የአበባ ምንጣፍ፣ ያንኑ የሲጋራ ጭስ፣ ያችኑ ጃክፖት የሚል ቀይ መብራት ሦስት ጊዜ አለፍኳት። በመጨረሻ ጫማዬን በእጄ ይዤ በካልሲ ስሄድ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ነይ የኔ እናት» ብላ በአማርኛ ጠራችኝ። ከምኔ እንዳወቀችኝ እስካሁን አልገባኝም። ሆቴሎቹ ወደ ክፍል መሄጃውን በካዚኖ መሀል የሚያሳልፉት አስበውበት ነው፤ ሰዓትም ግድግዳ ላይ አታዪም። ይሄን የነገርኩሽ ለጫማው ብቻ አይደለም፤ ወደ 400 ዶላርሽም ስለሚወስደን ነው።

እህቴ፣ «ከጉዞው ጋር አይገናኝም» ያልሽው ነገር ለእኔ በጣም ይገናኛል። 400 መጥፋቱ አይደለም ያሳሰበኝ። ከሰው ጋር ተዝናንቶ ገንዘብ ማጣት የተለመደ ነው። ያሳሰበኝ የማግሥቱ ጠዋት ነው። ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጪ አድረሽ፣ እንቅልፍ በዓይንሽ ሳይዞር፣ ብቻሽን ነድተሽ «ላስመልሰው» ብለሽ ሄድሽ። ሰው የማይወጣው ነገር ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ነው፤ ለማግኘት ሳይሆን ለማስመለስ ሲል። አንድ ጊዜ ገብተሽ ወጥተሻል፣ ከዚያ ወዲህም አልሄድሽም። በሽታ አለብሽ ልልሽ አልችልም፣ አልልምም። ግን ማሽኑ ያንቺን 400 አያስታውሰውም። አንድ ጊዜ በተጫንሽው ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው፤ ስለከሰርሽ አያዝንልሽም፣ «አሁን ተራዋ ነው» አይልም።

ሒሳቡንም በአጭሩ ልንገርሽ። ሩሌት ብትጫወቺ፣ በአሜሪካኑ መንኮራኩር ላይ ዜሮና ድርብ ዜሮ ተጨምረው 38 ቁጥር አለ። በአንድ ቁጥር አሸንፈሽ የሚከፈልሽ ግን 35 እጥፍ ነው። ልዩነቱ የቤቱ ነው፤ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ አምስት ዶላር ከ26 ሳንቲም ለእነሱ ይቀራል። ማሽኖቹ ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። የኔቫዳ ሕግ ማሽን ከገባለት ገንዘብ ቢያንስ 75 በመቶውን እንዲመልስ ነው የሚያዝዘው። አብዛኞቹ ከዚያ የበለጠ ይመልሳሉ፤ ሁሉንም የሚመልስ ማሽን ያለበት ቤት ግን የመብራቱን ሒሳብ እንኳን መክፈል አይችልም። እነዚያ ሕንፃዎች በምን ገንዘብ እንደተሠሩ ስታዪያቸው ይገባሻል።

እስቲ እንደ ታላቅ እህት ልጠይቅሽ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ቬጋስ ያማረሽ ዕለት፣ በዓይነ ኅሊናሽ የመጣልሽ ምን ነበር? መብራቱና ትርዒቱ ነው? ወይስ ከኋላው የማሽኑ ድምፅም ነበረበት? ከተማዋ ውስጥ አንድም ካዚኖ የለም ቢሉሽ ትሄጃለሽ? «አዎ፣ ደስ እያለኝ» ካልሽ ጥሩ። «እንግዲህማ ሌላ ቦታ ይሻላል» ካልሽ ግን ዘንድሮ ኒው ዮርክ ሄደሽ ቲያትር ግቢ፤ ቬጋስ የትም አይሄድም። ይሄን ጥያቄ ሌሊት ሥራ ላይ ስልክ ይዘሽ አትመልሺው። ተኝተሽ ተነስተሽ፣ ቡና ጠጥተሽ መልሺው።

«እሄዳለሁ» ካልሽ፣ የያዝሽውን ሆቴል ሰርዢና ካዚኖ የሌለው ያዢ። ስትሪፑ ላይ አሉ። ቪዳራ የሚባለው አንዱ ነው፤ ካዚኖም ሲጋራም የለበትም፣ ወደ ቤላጂዮም በእግር ያሻግራል። ቤላጂዮ በ1998 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና ፊት ለፊቱ በሙዚቃ የሚጨፍር ፏፏቴ ያለው ሆቴል ነው። ማታ በየ15 ደቂቃው ይጀምራል፣ ቆመሽ ብታዪ ማንም ምንም አያስከፍልሽም። ውስጡ ያለው የአበባ አዳራሽም ነፃ ነው። ጠዋት ክፍልሽን ከፍተሽ ስትወጪ በማሽን መሀል ማለፍ አይኖርብሽም፤ ለአንቺ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ስትይዢ ሪዞርት ፊ የሚሉትን በየሌሊቱ የሚጨመር ክፍያ እዪው። ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፌዴራል ደንቡ ሆቴሎች ይሄን ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ታክስ ግን ይጨመርበታል፤ ስትገቢም ከካርድሽ ላይ ለመያዣ የሚቆልፉት ገንዘብ አለ።

ለአራቱ ቀን የምታወጪውን ጥሬ ገንዘብ በአራት ፖስታ ከፍለሽ ያዢ፤ ማታ ስትወጪ ካርዶችሽን ክፍሉ ካለው ካዝና ውስጥ ቆልፊባቸው። ካዚኖ ውስጥ ካለ ኤቲኤም ገንዘብ እንዳታወጪ። ማሽኖች ከአውሮፕላን ወርደሽ ሻንጣሽን ሳትቀበዪ አየር ማረፊያው ውስጥ ይቀበሉሻል፤ ነዳጅ ማደያና ሱፐርማርኬትም አሉ። ስለዚህ «ጨርሶ አላያቸውም» ብለሽ አትማዪ። «አልቀመጥም» በቂ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። አንቺ የሌሊት ሰው ነሽ። ሌላው ጎብኚ ደክሞት ሲተኛ አንቺ ዓይንሽ ይፈጥጣል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ከሜሪላንድ ጋር የሦስት ሰዓት ልዩነት አለ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነቅተሽ ኮርኒስ ስታዪ ወደ ታች ልውረድ የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለዚያ ሰዓት ከአሁኑ አስቢበት። መጽሐፍ ያዢ፤ አለዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያን ጊዜ ነግቷልና ሥራ ላይ ያለች ጓደኛሽን ደውዪላት። ያቺን «ሂጂ» ያለችሽን ሳይሆን ያስፈራራችሽን፤ ስለ 660 ዶላሩም ለእሷ ንገሪያት። እንዲህ የምትጨነቅልሽ ሰው የምትስቅብሽ አይመስለኝም። አንድ ቀን ነገሩ ከበድ ካለብሽ ቁማር ላስቸገራቸው ሰዎች በነፃ፣ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ ስልክ አለ፤ 1-800-426-2537። ስምሽን አይጠይቁሽም።

አሁን ወደ እህትሽ። አልቆጣሽም፤ በአርባ ዓመትሽ «ሰው ምን ይላል» ሲሉሽ ደንግጠሽ ያመለጠሽ ቃል ነው፣ ይገባኛል። ግን አስቢው። ኦገስት ላይ ቬጋስ ሙቀቱ በቀላሉ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ላይ 48.9 ደርሶ የከተማዋን ሪከርድ ሰብሯል። አርባኛ ዓመትሽን በአርባ ዲግሪ ልታከብሪ ነው ማለት ነው። አንድ ቀን ሙቀት መትቶሽ ብትወድቂ፣ ስልክሽ ጠፍቶ ብትቀሪ፣ እህትሽ የት ብላ ትፈልግሻለች? የምታውቀው ሥልጠና ላይ መሆንሽን ነው። መሥሪያ ቤትሽ ደውላ «ምን ሥልጠና?» ሲሏት ይታየኛል። ብቻሽን መሄድሽ አያሳስበኝም፤ የት እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር መሄድሽ ነው የሚያሳስበኝ። ደግሞም ከእህትሽ የደበቅሽው ነገር ሁለት ሆኗል፤ ጉዞውና የገና ሰሞኑ ገንዘብ። ሁለቱን አንድ ሻንጣ ውስጥ ከተሽ ይዘሽ የምትሄጂ ይመስለኛል።

ካነሳችብሽ ነገሮች «ሰው ምን ይላል» የሚለውን እንለፈው፤ ሰው ሁልጊዜም ይላል። ፍልሰታን ግን ማለፍ አልችልም። አንቺ ትጾሚያለሽ? ደብዳቤሽ ላይ አልገለጽሽም። የምትጾሚ ከሆነ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፣ እዚያ ቡፌ አጠገብ ባዶ ሆድሽን ስትዞሪ የማንም ልደት አይጥምም። ጾሙ ነሐሴ 16 ይፈታል። ጉዞውን ከመስከረም በኋላ፣ ወደ ጥቅምት ብትገፊው አየሩም ይለዝባል፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከያዝሽ ዋጋውም ከቅዳሜና እሑድ ይረክሳል። ልደት በቀኑ ካልተከበረ የሚለውን ከፈረንጅ ነው ያመጣነው፤ እናቶቻችን የተወለድንበትን ቀን ሲጠየቁ «ለአቦ ሁለት ቀን ሲቀረው» ነው የሚሉት። በቀኑ ካልሆነ ደስ አይለኝም ካልሽ ግን መብትሽ ነው፤ ያን ጊዜ ውሃ ከእጅሽ አይለይ፣ ከረፋድ እስከ አመሻሽም ውጭ አትንከራተቺ።

እህትሽን በስልክ አትንገሪያት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ስታፈላ ሄደሽ ተቀመጪ። «ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ፤ ሥልጠና የለም። ደክሞኛል፣ አራት ቀን ለብቻዬ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከአንቺ መሸሼ አይደለም» በያት። ፈቃድ አትጠይቂያት፤ የሆቴሉን ስም፣ የበረራውን ቁጥር ጻፊላትና «በየቀኑ ማታ እደውልልሻለሁ» በያት። ትቆጣ ይሆናል፣ ሁለት ቀንም ታኮርፍ ይሆናል። አሥራ አራት ዓመት አብረሽ ልጆቿን ያሳደግሽላት እህትሽ ናት፤ ኩርፊያዋን የምትችዪው ይመስለኛል። ምናልባትም «እኔስ መቼ ነው የማርፈው?» ብላ ታስገርምሽ ይሆናል። እንዲህ ካለችሽ ግን «አብረን እንሂድ» ለማለት አትቸኩዪ፤ ይሄኛው የአንቺ ነው።

የአጎትሽን ልጅማ ሌላ ሰው ሳይነግረው አንቺው ደውዪለት። «ወንድሜ፣ ልመጣ ነው፣ ሆቴል ይዣለሁ፣ አትቀየመኝ፤ አየር ማረፊያ ግን አንተ ትቀበለኛለህ፣ አንድ ቀን ምሳ ደግሞ እናንተ ቤት ነኝ» በዪው። ዘመድ ሁሉን ስትከለክዪው ነው የሚቀየመው፤ አንድ ምሳና አንድ መንገድ ስጪው፣ ለልጆቹም ነገር ያዢላቸው። እንደ እሱ ያለ አገሩን የሚያውቅ ሰው በችግርሽ ሰዓት ከ911 ቀጥሎ የምትደውዪለት ይሆናል። እሱ ሥራ ላይ ሆኖ ካልመጣ፣ ከአየር ማረፊያው ወደ ስትሪፑ ሆቴሎች የታክሲ ዋጋ በየቀጠናው የተወሰነ ነው፤ ከመሳፈርሽ በፊት «የተወሰነው ዋጋ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ምሳውን ከስትሪፑ ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ፣ ካውንቲው በ2023 እ.ኤ.አ. ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው ሰፈር እንዲያደርገው ጠይቂው። ሦስተኛው ቀን ላይ በርገር አንገሽግሾሽ ሽሮ ሲሸትሽ ታመሰግኚኛለሽ። የጾም ቀን ከሆነም በያይነቱ አይጠፋም።

እንግዲህ ትኬቱን ከእሑዱ ቡና በኋላ ቁረጪ፤ ከዚያ በፊት ስልኩን አትክፈቺው። ስትቆርጪ ማታ የሚገባ በረራ ፈልጊና የመስኮት ወንበር ያዢ። ከምሥራቅ ስትመጪ ለረጅም ጊዜ ከታችሽ ምንም አይታይም፣ ጨለማ በረሃ ብቻ ነው። ሰዎች መቀመጫቸውን ማስተካከል ሲጀምሩ ግንባርሽን መስኮቱ ላይ አስደግፊ። መጀመሪያ እንደ ፍም አንድ ሁለት ነጥብ ታያለሽ፤ ከዚያ ክንፉ ዘንበል ሲል ሁሉም በአንዴ ይመጣል።